የስዊዝ ሰዓት ፋብሪካ ለመጎብኘት፦ ዜኒት፣ ሎንጂን ወይስ አይደብልዩሲ? (ጥቆማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ስዊዘርላንድ ልመጣ ነው፣ አንድ የሰዓት ፋብሪካ ብቻ ለማየት ጊዜ አለኝ ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን፦ ሦስቱንም አይቻለሁ፤ ምርጫዬ ዜኒት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዜኒት የሚገኘው ለ ሎክል በምትባል የጁራ ተራሮች ከተማ ነው። ዦርዥ ፋቭር-ዣኮ በ1865 ሲመሠርተው ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ ዘመን የሰዓት ሥራ በየቤቱ የተበታተነ ነው፤ አንዱ ቤት ጥርሱን ይሠራል፣ ሌላው ቀፎውን። እሱ ባለሙያዎቹን አንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰባቸው። በ1969 ኤል ፕሪሜሮ የተባለው፣ ሰዓቱን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ወጣ፤ በሴኮንድ 10 ጊዜ ስለሚመታ የሴኮንድን አንድ አሥረኛ ይለካል።

ወዲያው ግን የባትሪ ሰዓት ገበያውን አጥለቀለቀው። ፋብሪካውን የገዛው የቺካጎ ኩባንያ በ1975 በባትሪ ሳይሆን በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ ሰዓት ማምረት ይቁም፣ መሣሪያውም ይወገድ ብሎ አዘዘ። ሻርል ቬርሞ የሚባል የአንድ ክፍል ኃላፊ እንዳይደረግ ደብዳቤ ጽፎ ለመነ፤ የሰማው የለም። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል። መሣሪያዎቹን ሰው ሳያይ ጣሪያ ሥር ካለው ቆጥ ላይ አወጣቸው፤ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያገለግልም በጽሑፍ መዝግቦ አስቀመጠ። ዘመኑ ተገልብጦ በ1984 ማሽኑ እንደገና መመረት ሲጀምር የተሠራው በእነዚያው መሣሪያዎች ነው። ከ1988 እስከ 2000 ሮሌክስ ሳይቀር ለዴይቶና ሰዓቱ ይህንኑ ማሽን ይወስድ ነበር። በጉብኝቱ ያንን ቆጥ ያሳዩሃል፤ እዚያ ስትደርስ አትቸኩል። ቦታ የሚያዘው አስቀድሞ በአካባቢው የቱሪስት ቢሮ በኩል ነው፤ ድንገት ሄዶ መግባት የለም።

ቤታችሁ የቆየ ሎንጂን ካለ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ የሎንጂን ፋብሪካ ወዳለበት ሳንት ኢሚዬ ሂድ። ኤርነስት ፍራንሲዮን በ1867 ፋብሪካውን ያቆመው በሱዝ ወንዝ ዳር፣ «ሌ ሎንጂን» በሚባል ረዣዥም መስክ ላይ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። እዚያ የሚያስደንቀው መዝገቡ ነው፤ የድሮዎቹ ሰዓቶች ከነቁጥራቸው በእጅ ተጽፈው ተቀምጠዋል። እኔ አባቴ ያወረሰኝን ሰዓት ጀርባውን አስከፍቼ ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ልኬላቸው ነበር። ከፋብሪካው የወጣበትን ቀን ጽፈው መለሱልኝ። ለእናቴ በስልክ ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና «ሳይሞላው አድሮ አያውቅም ነበር» አለችኝ። ሙዚየሙን ለማየት ቀጠሮ ያስፈልጋል።

አይደብልዩሲ ለዙሪክ ቅርብ ነው፤ ፋብሪካው ያለበት ሻፍሃውዘን በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በ1868 የመሠረተው የቦስተን ሰው፣ አሜሪካዊው ፍሎረንታይን ጆንስ ሲሆን ወደዚያ የሳበው ከራይን ወንዝ የሚገኘው ኃይል ነው። ሙዚየሙ ያማረ ነው፤ ለእኔ ግን እንደ ለ ሎክል አልሆነልኝም። ልጆች ይዘህ የምትመጣ ከሆነ ግን የራይን ፏፏቴ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ይሻልሃል።

ዜኒት ቦታ ካጣህ ከለ ሎክል በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል ተጉዘህ ላ ሾ-ደ-ፎን ውረድ፤ ዓለም አቀፉ የሰዓት ሙዚየም እዚያ ነው፤ ቀጠሮም አይጠይቅም። ሁለቱም ከተሞች ለሰዓት ሥራ ተብለው በመታነጻቸው በ2009 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። በቤቶቹ ላይ የተደረደሩትን ትልልቅ መስኮቶች ልብ በል፤ ሰዓት ሠሪው በቂ ብርሃን እንዲያገኝ ነው። ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ከተማዋ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በሚያዝያም ቢሆን ወፍራም ጃኬት ያዝ።