በላውደን ካውንቲ የትምህርት ዲስትሪክት ውስጥ ቤት ለመግዛት፦ ሳውዝ ራይዲንግ ወይስ ሎቬትስቪል?

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ የቤት ኪራይ ውላችን በሰኔ ወር ስለሚያበቃ በላውደን ካውንቲ ቤት ለመግዛት ወስነናል። ትልቁ ልጃችን በሚመጣው የትምህርት ዘመን ስድስተኛ ክፍል ይገባል፤ ትንሿ ደግሞ ኪንደርጋርተን ትጀምራለች። ባለቤቴ የሚሠራው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በፈረቃ ሲሆን፣ እኔ በሊስበርግ አካባቢ ሥራ አግኝቻለሁ።

በዋጋ የሚቀራረቡ ሁለት ቤቶች አይተናል። አንደኛው በሳውዝ ራይዲንግ የሚገኝ ታውንሃውስ ነው፤ ነገር ግን የፖስታ አድራሻው ቻንቲሊ ስለሚል በየትኛው ካውንቲ እንደሚቆጠር ግራ ገብቶናል። ሁለተኛው ከሎቬትስቪል ወጣ ብሎ በ3 ኤከር መሬት ላይ ያለ፣ ባለ አራት መኝታ መሆኑ በሽያጭ ማስታወቂያው የተገለጸ፣ የጉድጓድ ውኃና ሴፕቲክ (የቤቱን ፍሳሽ በታንክና በግቢው ባለ ማጣሪያ መሬት የሚያስወግድ ሥርዓት) የሚጠቀም ቤት ነው። የቤት ሽያጭ ኤጀንታችንን የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሻል ስንጠይቃት ቀጥተኛ መልስ አልሰጠችንም። ለቅድመ ክፍያ ካዘጋጀነው ገንዘብ ከፊሉ በቅርቡ የሚደርሰን እቁብ ነው። ዋጋ ከማቅረባችን በፊት ምን ምን ማጣራት እንደሚገባን የምታውቁ ብትመክሩን እጅግ እናመሰግናለን።

መልስ (በዲስትሪክቱ የምታስተምር እናት)

እህቴ፣ በመጀመሪያ የአድራሻውን ነገር ላስረዳሽ። በቨርጂኒያ የትምህርት ዲስትሪክት የሚከተለው የካውንቲውን ወሰን እንጂ የፖስታ ቤቱን ስያሜ አይደለም። ቻንቲሊ የሚለው የፖስታ አድራሻ በፌርፋክስና በላውደን ካውንቲዎች መካከል የተከፈለ ነው፤ ሳውዝ ራይዲንግ በላውደን በኩል ስለሚገኝ ልጆቹ የሚማሩት በላውደን ነው። ከዚያ ጥቂት ወደ ምሥራቅ የሚገኝ ሌላ ቤት ግን ያንኑ የቻንቲሊ አድራሻ ይዞ በፌርፋክስ ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምታዩትን ቤት ሁሉ ቁጥሩንና የመንገዱን ስም በካውንቲው የትምህርት ቤት መፈለጊያ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ፤ በሽያጭ ማስታወቂያው ሥር የተጻፈውን የትምህርት ቤት ስም እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በዲስትሪክቱ ውስጥ የየትምህርት ቤቱ የምደባ ወሰን አለመጽናት ነው። በላውደን ውስጥ መኖራችሁ በዲስትሪክቱ የመማር መብት ይሰጣችኋል እንጂ አንድን የተወሰነ ትምህርት ቤት ለዘለቄታው አያረጋግጥላችሁም። በሳውዝ ራይዲንግና በአልዲ አካባቢ ብቻ ፍሪደም በ2005፣ ጆን ቻምፕ በ2012፣ ላይትሪጅ በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አዲስ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ወሰኑ እንደገና ይሠመራል፣ ሰፈሮችም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። በምዕራቡ በኩል ሥጋቱ ሌላ ነው። በዚያ የሚገኙት አንዳንድ አነስተኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቁጥራቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ይጠቃለሉ ወይስ ይቀጥሉ የሚለው ጥያቄ በበጀት ወቅት የሚነሳ ነው። ዘጠኝ አባላት ያሉት የትምህርት ቦርድ ወሰን ከመለወጡ በፊት የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ ለውይይት የቀረቡት ካርታዎችም ለማንኛውም ሰው ክፍት ናቸው። ልጅሽ ስድስተኛ ክፍል የሚገባ ስለሆነ የመካከለኛውንም የሁለተኛ ደረጃውንም ምደባ አሁኑኑ ተመልከቺ።

በድረ ገጾች ላይ የሚታየው ከ1 እስከ 10 የሚሰጠው ደረጃ በአብዛኛው የፈተና ውጤትን ተከትሎ ስለሚሄድ ከቤተሰብ ገቢ ጋር ተያይዞ ከፍና ዝቅ ይላል። እኔ ይልቁንም የቨርጂኒያ ትምህርት መሥሪያ ቤት በየትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን የጥራት መግለጫ አንብባችሁ፣ ከዚያም ሄዳችሁ ትምህርት ቤቱን እንድትጎበኙ እመክራለሁ። ለትንሿ ልጅ ደግሞ ካውንቲው በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚያካሂደውን ካሳ የተባለ የከሰዓት በኋላ መርሐ ግብር ጠይቁ፤ ቦታ ለማግኘት ተራ መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ባለቤትሽ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ይህን እስከ ነሐሴ ማቆየት አይገባም።

መልስ (የቤት ሽያጭ ኤጀንት)

ኤጀንታችሁ ዝም ማለቷ ከቸልተኝነት የመጣ አይመስለኝም። በ1968 የወጣው የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ይከለክላል፤ አንዱን ትምህርት ቤት አመስግኖ ሌላውን መንቀፍ ለዚህ ክስ ሊዳርግ ስለሚችል ጠንቃቃ የሆንን ሁሉ ገዢው ራሱ መረጃውን እንዲመለከት እናደርጋለን።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በቨርጂኒያ ሻጩ የሚፈርመው የመግለጫ ቅጽ ስለ ቤቱ ይዞታ ዋስትና የሚሰጥ ሳይሆን፣ ገዢው ራሱ እንዲመረምር የሚያሳስብ ነው። ስለዚህ የቤት ፍተሻ ቅድመ ሁኔታ ሳይጻፍበት ውል አትፈርሙ፤ ተወዳዳሪ በዛ ተብሎ ይህን እንድትተዉ ቢጠየቅም የጉድጓድና የሴፕቲክ ቤት ላይ ፈጽሞ አልመክርም። ሁለተኛ፣ ታውንሃውሱ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ኤችኦኤ፣ ይኖረዋል። በሕጉ መሠረት የማኅበሩ የሽያጭ ሰነድ ከደረሳችሁ በኋላ ውሉን ያለ ቅጣት የምትሰርዙበት ሦስት ቀን አላችሁ፤ በእነዚህ ቀናት ወርኃዊ መዋጮውን ብቻ ሳይሆን የመጠባበቂያ ገንዘቡን መጠንና የታቀደ ልዩ ክፍያ መኖር አለመኖሩን አንብቡ።

መልስ (በምዕራብ ላውደን የሚኖሩ አባት)

የተከበርሽ እህቴ፣ ከሎቬትስቪል ብዙም ሳንርቅ በጉድጓድ ውኃና በሴፕቲክ ስለምንኖር በዚህ በኩል የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ሴፕቲኩን በተመለከተ ከሁሉ አስቀድማችሁ በካውንቲው የጤና ጥበቃ ክፍል ያለውን የፈቃድ ሰነድ አስወጡ። በቨርጂኒያ የሴፕቲክ ሥርዓት የሚፈቀደው በመኝታ ክፍል ቁጥር ሲሆን፣ ስሌቱም ለአንድ መኝታ ክፍል በቀን 150 ጋሎን ነው። ባለቤቶች ምድር ቤቱን ሠርተው መኝታ ይጨምሩና ማስታወቂያው ላይ አራት ወይም አምስት ተብሎ ይጻፋል፤ ፈቃዱ ግን የሦስት መኝታ ሆኖ ይገኛል። ቤተሰብ በርከት ብሎ ሲኖርበት፣ እንግዳም ሲመላለስበት፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነው ማጣሪያ መሬት ውኃ ማስረግ ያቅተዋል። በዚያን ጊዜ በሳሩ ላይ እርጥበትና ሽታ ይወጣል፤ ማጣሪያውን እንደ አዲስ ማሠራት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ከሰነዱ ላይ ተጠባባቂ የማጣሪያ ቦታ ተለይቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ በዚያ ቦታ ላይ ጋራዥ ወይም የመኪና መግቢያ ተሠርቶበት ከሆነ ለወደፊቱ መውጫ የላችሁም ማለት ነው።

ሥርዓቱ ተራው ዓይነት ነው ወይስ አማራጭ የሚባለው ዓይነት ብላችሁም ጠይቁ። አማራጭ የሚባለው ፓምፕና ተጨማሪ የማጣሪያ መሣሪያ ያለው ሲሆን፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየዓመቱ እንዲመረምረው የቨርጂኒያ ደንብ ያስገድዳል። ሻጩ የእነዚህን ምርመራዎች ሪፖርት ሊያሳያችሁ ካልቻለ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ፍተሻው ሲካሄድ ታንኩ ተከፍቶና ተመጥጦ መታየት አለበት፤ መጸዳጃ ቤቱን አንድ ጊዜ ለቅቆ ደህና ነው ማለት ፍተሻ አይባልም።

ለጉድጓዱ በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥ፣ ለተወሰነ ሰዓት ያለማቋረጥ ሲቀዳም መጠኑ ይወርድ እንደሆነ አስለኩ። ውኃው ለኮሊፎርም ባክቴሪያና ለናይትሬት መመርመር አለበት፤ በዙሪያው እርሻና ከብት ስላለ ናይትሬቱን እንዳትተዉ። የጉድጓዱ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ውኃም አብሮ ይጠፋል፤ ሕፃን ላለበት ቤት ጄኔሬተር ከወጪው ጋር መታሰብ አለበት።

የልጆቹን ጉዞም አስቡበት። በሎቬትስቪል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ግን ልጆቻችን ወደ ፐርሰልቪል ይጓዛሉ። ማለዳ በጨለማ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ከትምህርት በኋላ ኳስ ወይም ክበብ ያለው ልጅ ደግሞ ወላጅ ሄዶ ማምጣት የዘወትር ሥራ ነው። በምዕራቡ በኩል በመቶዎች የሚቆጠር ማይል የጠጠር መንገድ ስላለ በረዶ ሲጥል አውቶቡስ መግባት ያዳግተዋል። የባለቤትሽን ጉዞ ደግሞ በእሑድ ከሰዓት ሳይሆን በፈረቃው ሰዓት ራሳችሁ ነድታችሁ ለኩት፤ የደለስ ግሪንዌይ መንገድ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ከሳውዝ ራይዲንግ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ የአንቺ ጉዞ ወደ ሊስበርግ ግን ይረዝማል።

ኢንተርኔትንም በተመለከተ «አካባቢው ላይ አለ» የሚል መልስ አትቀበሉ። አንዱ ቤት ጥሩ መስመር ኖሮት፣ ረጅም መግቢያ ያለው ጎረቤቱ በሳተላይት ብቻ የሚጠቀምበት ሁኔታ አለ፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን በኮምፒዩተር የሚሠሩ ስለሆነ ኩባንያው በዚያው አድራሻ መስመር እንደሚያስገባ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ላስፈራችሁ አይደለም። ልጆቻችን ሰፊ ግቢ አግኝተው፣ አትክልት ተክለን፣ ዶሮ አርብተን፣ ጎረቤትም በስማችን እየጠራን በደስታ እንኖራለን፤ ነገር ግን ይህን ኑሮ የሚመርጥ ሰው ሰነዱን አንብቦ ይምረጠው።

መልስ (የሞርጌጅ ባለሙያ)

እቁቡን በተመለከተ በቶሎ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ ከወትሮው ገቢያችሁ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ የሆነ ገንዘብ ገብቶ ካየ ምንጩን በማስረጃ እንድታስረዱ ያደርጋል። እቁብ ሐቀኛ ገንዘብ ቢሆንም ወረቀት የሌለው እቁብ ለአበዳሪው ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ነው። በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ባንክ ማስገባት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የሚቻል ከሆነ እቁቡን ቀደም ብላችሁ ውሰዱና ሁለት ሙሉ የባንክ መግለጫ እስኪያልፍበት ድረስ በሒሳባችሁ ይቆይ፤ በየወሩ የከፈላችሁበትን የዝውውር ማስረጃ፣ የእቁቡን ዝርዝርና የሰብሳቢውን የተፈረመ ደብዳቤም አስቀምጡ። እቁቡን የወንድም ስጦታ ነው ብሎ የስጦታ ደብዳቤ ማስፈረም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በብድር ማመልከቻ ላይ ሐሰት መግለጽ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ለአበዳሪያችሁ ዛሬውኑ እውነቱን ነግራችሁ ምን እንደሚቀበል ጠይቁ።

ወርኃዊ ወጪውን ስታሰሉ ደግሞ ቤቱ በሎቬትስቪል ከተማ ክልል ውስጥ ነው ወይስ ከክልሉ ውጭ የሚለውን አረጋግጡ፤ እንደ ሎቬትስቪል፣ ፐርሰልቪልና ሊስበርግ ያሉ ከተሞች ከካውንቲው የንብረት ግብር በተጨማሪ የራሳቸውን ግብር ይጥላሉ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሳውዝ ራይዲንጉ ቤት በላውደን መሆኑን አረጋግጠናል። የሎቬትስቪሉ ቤት ከከተማው ክልል ውጭ ነው፤ የሴፕቲክ ፈቃዱን ከጤና ጥበቃ ክፍሉ አስወጥተን ስንመለከት ግን የተፈቀደው ለሦስት መኝታ ነው። ባለቤቴ ቤቱን በጣም ወድዶታል። ተስፋ እንቁረጥ ወይስ መነጋገር ይቻላል?

መልስ (በምዕራብ ላውደን የሚኖሩ አባት)

መነጋገር ይቻላል። አራት ሰው ስለሆናችሁ ሦስት መኝታ ይበቃችኋል፤ እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ግን አስቡበት። ዋጋችሁን በባለ ሦስት መኝታ ቤቶች ሽያጭ ላይ ተመሥርታችሁ አቅርቡ፤ ኤጀንታችሁ የፈቃዱን ቅጂ ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር አያይዛ ትላከው። በውሉ ላይ የሴፕቲክ፣ የጉድጓድና የራዶን (ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ ጎጂ ጋዝ) ፍተሻ እያንዳንዳቸው በስም ይጻፉ፤ ላውደን የራዶን ጋዝ ሥጋት ከፍ ካለባቸው ካውንቲዎች አንዱ ስለሆነ ውጤቱ 4 ፒኮኩሪ በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወጫውን ሻጩ እንዲያሠራ ጠይቁ። ሻጩ ፈቃዱን ወደ አራት መኝታ ለማሳደግ ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያለው የአፈር መርማሪ መሬቱን አይቶ የጤና ጥበቃ ክፍሉ አዲሱን ፈቃድ በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ክሎዚንግ (የሽያጩን የመጨረሻ ፊርማና ርክክብ) እንዳታደርጉ፤ ከክሎዚንግ በኋላ ያልተፈጸመ ነገር ሁሉ የእናንተ ወጪ ይሆናል።