ኳስ ያዡን በእጅ መንካት፦ መቼ ነው የሚነፋው?

ጀማሪ ዳኛ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሃይስኩል ቅርጫት ኳስ መዳኘት ጀምሬያለሁ፣ ለጊዜው የታናናሾቹን ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጋርድ (ኳስ አምጪ ተጫዋች) ኳስ እያነጠረ ሲወጣ ተከላካዩ መዳፉን ወገቡ ላይ ለጥፎ እስከ ሶስት ነጥቡ መስመር አብሮት ሄደ። አልገፋውም። ልጁም አልተንገዳገደም፣ ኳሱም አልጠፋበትም። ነፋሁ። አሰልጣኙ «ምን አደረገው?» ብሎ አበደ። አብሮኝ የሚዳኘው ሰውዬም በእረፍት ሰዓት «ካልጎዳው እለፈው» አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሌላው የሚያደናግረኝ ደግሞ ወደ ቅርጫት ሲገቡ ደረት ለደረት ሲጋጩ ነው፣ ብሎክ (የተከላካዩ ጥፋት) ነው ቻርጅ (የአጥቂው ጥፋት)? ተከላካዩ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ አዳራሹ በሙሉ «አልቆመም!» ይላል።

ፊሽካው፦
ልክ ነፍተሃል። ባልደረባህ የሚያወራው የድሮውን ነው። የአሜሪካ ሃይስኩል ደንብ ከ2014-15 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኳስ በያዘ ወይም በሚያነጥር ተጫዋች ላይ ከተደረጉ ያለ ክርክር ፋውል የሚሆኑ አራት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። ሁለት እጅ ማሳረፍ፣ ክንድን ዘርግቶ መደገፍ፣ አንድ እጅ አሳርፎ ማቆየት፣ በአንድ እጅም ይሁን እያፈራረቁ ደጋግሞ መንካት። እዚህ ላይ «ተጎዳ ወይ?» ብለህ አትጠይቅም። አንዴ ነካ አድርጎ ወዲያው እጁን የሰበሰበ ልጅ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ካልገፋ ተወው።

ከነዚህ ውጪ ያለው ንክኪ ነው በውጤቱ የሚታየው። ሪትሙ ተሰበረ? ፍጥነቱ ቀነሰ? ሚዛኑን ሳተ? ሊሄድ ካሰበበት መንገድ ወጣ? ከሆነ ንፋ፣ ካልሆነ ዝም በል። ኤንቢኤም እኮ 1994-95 ላይ እጅ መለጠፍን ገደበ፣ 2004-05 ላይ ደግሞ ይበልጥ አጠበቀው፣ ከዚያ ወዲህ ፈጣን ጋርዶች እንደ ልባቸው ይገባሉ። የ90ዎቹን ጨዋታ እያየ ያደገ አሰልጣኝ «በኛ ጊዜ ቢሆን» ማለቱ አይቀርም። ይበል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እኔ ስለ ብሎክና ቻርጁ ልበል። እዚህ አዲስ አበባ በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ደንብ ነው የምንዳኘው፣ በዚህ ጉዳይ ግን ከናንተ ጋር ብዙም አንራራቅም። «ቆሞ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ተከላካዩ መጀመሪያ ሁለት እግሩን መሬት አሳርፎ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ። አንዴ ቦታውን ከያዘ በኋላ ወደ ጎን መንሸራተት፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መዝለል ሁሉ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ደረቱን ከተመታ የአጥቂው ጥፋት ነው። ተከላካዩ ወደ ፊት ገፍቶ ከገባ፣ ወይም ከተቀደመ በኋላ ትከሻውን፣ ዳሌውን፣ ጉልበቱን ከጣለበት ግን የራሱ ነው። አጥቂው ከዘለለ በኋላ መንገዱ ውስጥ መግባትም እንደዚያው።

ደግሞ ኳስ የያዘ ሰው «ርቀት አልሰጠኝም» ማለት አይችልም፣ ተከላካይ በማንኛውም ሰዓት ፊቱ ሊደቀን እንደሚችል ማወቅ አለበት። ጊዜና ርቀት የሚታሰበው ኳስ ላልያዘው ነው። እኛ ጋ ከቅርጫቱ ስር 1.25 ሜትር ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ አለ፣ እዚያ ውስጥ ቆሞ ቻርጅ ልቀበል ማለት አይሰራም። የናንተ ሃይስኩል ደንብ ይሄ የለውም፣ ስለዚህ ሜዳው ላይ ተስሎ ብታየውም እንዳትሸወድ።

ቤንች ላይ ነኝ፦
እኔ አሰልጣኝ ነኝ፣ ከወዲህ በኩል ያለውንም ስሙ። ለናንተ ደንብ ነው፣ ለኔ ልጅ ግን አምስተኛ ፋውል ማለት ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። የሚያናድደን መንፋታችሁ አይደለም! በመጀመሪያው ሩብ እያያችሁ ያለፋችሁትን አራተኛው ላይ ስትነፉ፣ ወይ አንዱ ዳኛ የነፋውን ሌላው ሲያልፈው ነው። ከጨዋታው በፊት ተነጋገሩ። ገና ሲጀመር ሁለት ሶስቴ ንፉብኝ፣ «እጃችሁን ሰብስቡ» እላቸዋለሁ፣ ያልቃል።

ጀማሪ ዳኛ፦
ተባረኩ። ግን ይሄን ሁሉ በአንድ ሰከንድ እንዴት ነው የምታዩት?

ፊሽካው፦
ኳሱን አትይ። አይንህ ተከላካዩ ላይ ይሁን፣ አጥቂው ሳይደርስ በፊት እግሩ የት እንዳለ ካየህ ግማሹን ጨርሰሃል። የምትቆመውም በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት የሚታይህ ቦታ ነው። ከኋላ ቀጥ ብለህ ከተከተልካቸው ይደራረቡብሃል፣ ግጭቱን ሳይሆን መውደቁን ብቻ ታያለህ፣ ከዚያ የወደቀ ሁሉ ፋውል ይመስልሃል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይነካ የሚወድቅ ተዋናይ ነው።

የኳስ ያዡን ነጻ እጅም አትርሳ። ክንዱን ወደ ተከላካዩ ደረት ዘርግቶ፣ ገፋ አድርጎ ቦታ የሚያገኝ ጋርድ ሞልቷል። ብዙ ዳኛ ተከላካዩን ሲቆጣጠር ይሄ ያመልጠዋል። ክንዱ ከተዘረጋና ተከላካዩ ወደ ኋላ ከሄደ የአጥቂ ፋውል ነው፣ ንፋው።