የክላስ መጠኖችን አስልቻለሁ፤ ከዚህ ስለ ግሩፑ ምን ማለት ይቻላል?

ጀማሪው፦
ሰላም ወገኖች። የቤት ሥራዬ የሁለት ግሩፖችን ኮንጁጌሲ ክላሶች (አባል x ከእያንዳንዱ gxg⁻¹ ጋር አብሮ የሚመደብባቸው ክፍሎች) መጠን አስሉና «ከቁጥሮቹ ምን ትረዳላችሁ?» ይላል። ስሌቱን ጨርሻለሁ። ኤስ-4 (የአራት ነገሮች መቀያየሪያዎች ሁሉ) 24 አባላት አሉት፤ የክላሶቹ መጠን 1፣ 3፣ 6፣ 6፣ 8 ነው። ኤ-5 (በተጋማሽ ቁጥር የሁለትዮሽ ልውውጦች የሚገኙ የአምስት ነገሮች መቀያየሪያዎች) ደግሞ 60 አባላት አሉት፤ 1፣ 12፣ 12፣ 15፣ 20 ወጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ቁጥሮቹ ላይ ከማፍጠጥ በቀር ምንም አልመጣልኝም። እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ሒሳበኛዋ፦
ኖርማል ንዑስ ግሩፕ (በኮንጁጌሽን የማይለወጥ፣ በግሩፑ ውስጥ ያለ ግሩፕ) አንድን ክላስ ቆርሶ አይወስድም። ወይ ሙሉውን ይወስዳል ወይ ይተወዋል። አይደንቲቲን (ምንም የማይለውጠውን አባል) የግድ ይይዛል። መጠኑም የግሩፑን መጠን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት። እንግዲህ ደምር። በኤ-5 ከ1 ተነስተህ ክላሶቹን እንደፈለግክ ብትጨምር 13፣ 16፣ 21፣ 25፣ 28፣ 33፣ 36፣ 40፣ 45፣ 48 ታገኛለህ። አንዱም 60ን አያካፍልም። ስለዚህ ኤ-5 ሲምፕል ነው፤ ከራሱና ከአይደንቲቲ በቀር ኖርማል ንዑስ ግሩፕ የለውም። አለቀ!

ጀማሪው፦
ዋው፣ ይሄን ያህል ቀላል ነው? በኤስ-4 ግን 1+3=4 እና 1+3+8=12 ሁለቱም 24ን ያካፍላሉ። ኖርማል ናቸው ብዬ ልጻፍ?

ሒሳበኛዋ፦
ናቸው፣ ግን ድምሩ ስላካፈለ ብቻ አይደለም። ኤስ-5ን እይ፤ 120 አባላት አሉት፣ መጠኖቹ 1፣ 10፣ 15፣ 20፣ 20፣ 24፣ 30። 1+15+24=40 ሲሆን 120ን ያካፍላል። ቢሆንም ንዑስ ግሩፕ አይሆንም። (12) ማለት 1ንና 2ን መለዋወጥ ነው፤ (12)(34)ን በ(12)(35) ብታባዛ የሦስት ዙር (ሦስት ነገሮችን በዙር የሚያንቀሳቅስ) ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ከ40ው ውስጥ የለም። ድምሩ «አይሆንም» ለማለት ይበቃል፣ «ይሆናል» ለማለት ግን ማባዛቱን ራስህ ማየት አለብህ።

የማታ ተማሪ፦
ኤስ-4 ሲምፕል አለመሆኑን ለማወቅስ መደመርም አያስፈልግም። ሒሳበኛው በርንሳይድ እ.ኤ.አ. በ1904 ያረጋገጠው አለ፦ ከ1 የሚበልጥ የክላስ መጠን የብቸኛ ቁጥር ርቢ (እንደ 3 ወይም 8=2³ ያለ) ከሆነ፣ ግሩፑ ሲምፕል አይሆንም። እዚህ 3 አለ፣ 8 አለ። በኤ-5 ያሉት 12፣ 15 እና 20 ግን አንዳቸውም የብቸኛ ቁጥር ርቢ አይደሉም። እኔ ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ይሄንን ነው።

ከዚያ ስንት ዓይነት መጠን እንዳለ ቁጠር። 1 ብቻ ከሆነ ግሩፑ አቤልያን ነው (ማባዛቱ ቅደም ተከተል አይመርጥም)። 1 እና ሌላ አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነስ? ሒሳበኛው ኢቶ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳየው ያ ቁጥር የብቸኛ ቁጥር ርቢ መሆን አለበት፣ ግሩፑም ኒልፖተንት (ለአቤልያን የቀረበ) ነው። ስለዚህ 1 እና 6 ብቻ ያለው ግሩፕ የለም። ሦስት ዓይነት ከሆነ ሶልቨብል (በአቤልያን ደረጃዎች ሊበተን የሚችል) ነው፤ ይሄንንም ኢቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1970 ያረጋገጠው። አራት ላይ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ኤ-5 ራሱ አራት ዓይነት ነው ያለው፣ ሶልቨብል ግን አይደለም።

ዝምተኛው፦
እኔ የምወደው ሌላኛውን ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር ፒ የትኛውንም የክላስ መጠን ካላካፈለ፣ የፒ ሲሎው ንዑስ ግሩፕ (መጠኑ የግሩፑን መጠን የሚያካፍለው ትልቁ የፒ ርቢ የሆነ) ሴንተር (ከሁሉም ጋር ቦታ እየተለዋወጡ የሚባዙ አባላት) ውስጥ ይገባል። ምክንያቱ አጭር ነው። የክላስ መጠን ማለት የሴንትራላይዘሩ (ከአባሉ ጋር ቦታ እየተለዋወጡ የሚባዙት አባላት) ኢንዴክስ ነው፤ ማለትም የግሩፑ መጠን ለሴንትራላይዘሩ መጠን ሲካፈል የሚገኘው። ፒ ካላካፈለው የእያንዳንዱ አባል ሴንትራላይዘር አንድ ሙሉ የፒ ሲሎው ይይዛል። ሲሎዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ኮንጁጌት ናቸው። ስለዚህ የአንዱ ሲሎው ሴንትራላይዘር ከነኮንጁጌቶቹ መላውን ግሩፕ ይሸፍናል። ውሱን ግሩፕ ከራሱ ባነሰ ንዑስ ግሩፕ ኮንጁጌቶች አይሸፈንም፤ እናም ሴንትራላይዘሩ ግሩፑ ራሱ ነው።

ጀማሪው፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዝርዝሩ አንድ ከሆነ ግሩፑም አንድ ነው ማለት ነው?

ዝምተኛው፦
ኧረ አይደለም። 8 አባላት ያሉት ዳይሄድራል ግሩፕ (የካሬ ሲሜትሪዎች) እና የኳተርኒዮኖች ግሩፕ (±1፣ ±i፣ ±j፣ ±k) ሁለቱም 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2 ናቸው። ኦርደራቸው 2 የሆኑ (አይደንቲቲ ሳይሆኑ ከራሳቸው ጋር ሲባዙ አይደንቲቲን የሚሰጡ) አባላትን ቁጠር፦ በዳይሄድራሉ አምስት፣ በኳተርኒዮኖቹ አንድ ብቻ።