ለሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ታክስ፦ እንክፈል ወይስ ይበቃናል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሳምንቱ ክርክራችን ስለ "ብሉፕሪንት" ነው። በብሪት ኪርዋን የተመራ ኮሚሽን ያጠናው የአሜሪካዋ የሜሪላንድ ስቴት የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ማለት ነው። የስቴቱ ምክር ቤት በ2020 አሳለፈው፣ የዚያን ጊዜው ገዥ ላሪ ሆገን ውድቅ አደረጉት፣ በ2021 ምክር ቤቱ የሳቸውን ውሳኔ ሽሮ አጸናው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ10 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ተግባራዊ ሲሆን በየዓመቱ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ገንዘብ ይፈልጋል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ለዚህ ተጨማሪ ታክስ እንክፈል ወይስ ይብቃን? ደግሞስ እዚህ የምንኖር የኛ ሰዎች ድምፅ ይሰማል? የአገር ቤት ፖለቲካ እዚህ አይገባም፣ አደራ።

የጀርመንታውኑ፦ እኔ "ይበቃናል" ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልናገርና ከዚያ ስደቡኝ። በ2008 ካዚኖ ይፈቀድ ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ገንዘቡ ለትምህርት ነው ተባለ። ካዚኖው ተከፈተ። ገንዘቡም እንደተባለው ወደ ትምህርት ፈንድ ገባ። ታዲያ በአንድ በር ሲገባ፣ ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይሄድ የነበረው በሌላ በር ወጥቶ ለሌላ ጉዳይ ዋለ። በ2023 ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (የስቴቱ አንዱ አውራጃ) ፕሮፐርቲ ታክሱን (የቤትና የመሬት ግብሩን) 4.7 በመቶ ከፍ አደረገ፤ አሁንም ለትምህርት ቤት ተባለ። በ2025 ስቴቱ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጎደለኝ ብሎ በአይቲ አገልግሎት ላይ 3 በመቶ ታክስ ጣለ። እኔ የምሠራው አይቲ ነው። ታክሱ አብሮ የሚከፈልበት የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ክፍያዬ በጨመረ ቁጥር "ለልጆች እኮ ነው" መባል ሰልችቶኛል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ወንድሜ፣ ማን ይሰድብሃል? ግን ወሬውን ግማሽ መንገድ ላይ ተውከው። ያ የካዚኖ ጨዋታ ሰውን ስላናደደ ነው እኮ በ2018 የስቴቱ ሕገ መንግሥት ይሻሻል ተብሎ ለድምፅ የቀረበው። 90 በመቶ ገደማ መራጭ ደገፈው። ከዚያ ወዲህ የካዚኖው ገንዘብ በነበረው በጀት ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካ እንዳይሆን በሕግ ታስሯል። "ሎክቦክስ" የሚሉት እሱን ነው።

የጀርመንታውኑ፦ ከ10 ዓመት በኋላ! እስከዚያ ስንት ልጅ ተመርቆ ሄደ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ እሱስ እውነትህን ነው።

ኡበር ነጂው፦ እናንተ መራጭ ስለሆናችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ታክስ እንደናንተ እከፍላለሁ። ቤት የለኝም፣ ግን የአከራዬ ፕሮፐርቲ ታክስ ሲጨምር ኪራዬ ላይ እንደሚመጣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ለትምህርት ቦርድ ግን መምረጥ አልችልም። ታኮማ ፓርክ ከተማ ያለው ጓደኛዬ ዜጋ ሳይሆን የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል። ምን ዋጋ አለው፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ስለዚህ የሕዝብ ተሳትፎ ምናምን የሚባለው እኔን አይመለከትም።

መምህርቷ፦ ኧረ ይመለከትሃል። ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው?

ኡበር ነጂው፦ ሰባተኛ። ምነው?

መምህርቷ፦ እንግዲያው ቤትህ ውስጥ መራጭ አለ። በሞንትጎመሪ የትምህርት ቦርድ አንድ ተማሪ አባል አለ። የሚመርጡት የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ዜግነት የሚጠይቃቸው የለም። ተማሪው በጀት ላይም ድምፅ ይሰጣል። ቦርዱ ፊት ቀርቦ ለመናገርም፣ አናፖሊስ (የስቴቱ ዋና ከተማ) ምክር ቤቱ ፊት ሄዶ ለመናገርም ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

ግን ወደ ዋናው ልምጣ። የዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ለነፃ ምሳ የሚሞላ ቅጽ አለ። የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ ፊርማ። በአማርኛም ተተርጉሟል። ስቴቱ በየትምህርት ቤቱ ስንት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ልጅ እንዳለ የሚቆጥረው አንድም በዚህ ነው። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) እና መሰል እርዳታ ያላቸው ቅጽ ሳይሞሉም በቀጥታ ይቆጠራሉ፤ ሌላው ግን ካልሞላ የለም ማለት ነው። ደግሞ ብሉፕሪንቱ ከፍተኛውን ጭማሪ የሚሰጠው እነዚህ ልጆች ለበዙበት ትምህርት ቤት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ት/ቤቱ "ኮሚዩኒቲ ስኩል" ይባላል። አስተባባሪ ይቀጠርለታል፣ የጤና ባለሙያ ይመደብለታል፣ ወላጆች ምን እንደሚፈልጉ ይጠናል።

አሁን የኛን ሰው ጉድ ልንገራችሁ። ቅጹን ይዤ ወደ አንዷ እናት እሄዳለሁ። "መምህርት፣ የኔ ልጅ ከቤቱ ጠግቦ ነው የሚመጣው" ትለኛለች። ትሰጠኛለች መልሳ፣ ሳትከፍተው። ቅጹ ስለ ምሳ ብቻ አይደለም ብዬ አስረዳለሁ፣ እሷ ግን ምጽዋት ነው የሚመስላት። ሁለት ሺፍት ይሠራሉ፣ ለስድስት ሰው ነው የሚያበሉት፣ ገቢያቸው ከመስፈርቱ በታች ነው። ግን ክብር አለ። የሷ ልጅ ያልተቆጠረበት ገንዘብ ቅጹን ወደሞሉት ሰፈር ይሄዳል። ታክሱንማ እሷም ከፍላለች።

ጡረተኛው፦ ልክ ነሽ ልጄ። እኛ ስንመጣ ይህን የሚነግረን አልነበረም። ልጆቻችንን አስተማሪ እጅ ላይ ጥለን ወደ ሥራ ነበር። ወላጅ ስብሰባ ብሎ ነገር የጥፋት ጥሪ ይመስለን ነበር።

የጀርመንታውኑ፦ መምህርት፣ የተናገሩት ልብ ይነካል፣ አከብራለሁ። ግን ጥያቄዬን አልመለሰም። አስተባባሪ ይቀጠራል አሉ። በኔ ቋንቋ ይህ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ኮምፒውተር፣ ሌላ ደመወዝ ነው። ገንዘቡ ክፍል ውስጥ የሚገባው መቼ ነው?

መምህርቷ፦ ሕጉ ላይ መልስ አለው። በልጁ ስም የሚመደበው ገንዘብ ቢያንስ 75 በመቶው ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ድረስ መድረስ አለበት። ይህን የሚከታተል 7 አባላት ያሉት ራሱን የቻለ ቦርድም ተቋቁሟል። የጀማሪ መምህር ዝቅተኛ ደመወዝም እስከ ጁላይ 2026 ድረስ 60 ሺህ ዶላር እንዲደርስ ታዟል። እሱ ክፍል ውስጥ ካልገባ ምን ይግባ?

የጀርመንታውኑ፦ ቀሪው 25 በመቶስ?

መምህርቷ፦ አውቶቡሱ፣ ትርጉሙ፣ ሒሳብ ክፍሉ። ሁሉም ብክነት አይደለም። የሚባክን የለም ግን አልልህም።

የቤት ዴይኬር ያላት፦ እናንተ ስለ ትልልቆቹ ታወራላችሁ። የኔ ቁስል ሌላ ነው። ሕጉ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ፕሪ-ኬ (ቅድመ መደበኛ ትምህርት) በነፃ ይማሩ ይላል። ደስ ይላል። የግል ዴይኬሮችም (የሕፃናት ማቆያዎችም) ይሳተፉ ይላል። ግን ለመሳተፍ ዋናዋ መምህርት የማስተማር ፈቃድ ያላት ወይም እሱን በመማር ላይ ያለች ትሁን፣ ረዳቷ ደግሞ ሲዲኤ (የሕፃናት እንክብካቤ የሙያ ምስክር ወረቀት) ወይም የኮሌጅ ዲግሪ ይኑራት ይላል። እኔ ዲግሪዬ የአገር ቤት ነው፣ ያውም በሒሳብ አያያዝ።

ደግሞ ሒሳቡን እዩልኝ። ቤቴ የሚፈቀደው 8 ልጅ ነው። ብቻዬን ከሆንኩ ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ከ2 በላይ መያዝ አልችልም። ስለዚህ ቤቱን የሚያቆሙልኝ የ3 እና የ4 ዓመቶቹ ናቸው። እነሱ ወደ ነፃው ፕሪ-ኬ ሲሄዱ ምን ይተርፈኛል? የልጆቹ እናቶች ደግሞ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ሂዱ እንጂ ምን እላቸዋለሁ?

ኡበር ነጂው፦ እህቴ፣ ይህንን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ይሄ ነው አናፖሊስ መሄድ ያለበት ነገር። ምክር ቤቱ በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል። ምስክርነት ለሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ በኢንተርኔትም ይቻላል። የ2025ቱን አስታውሱ። ገዥው ዌስ ሙር በጀት ጎደለ ብለው ካቀረቡት ውስጥ የኮሚዩኒቲ ስኩሎቹን የገንዘብ ጭማሪ ገታ የሚያደርግ ነበረበት። መምህርና ወላጅ ጮኸ። ምክር ቤቱ ያንን አልተቀበለም። ለመምህራን ከክፍል ውጭ የሚሰጠው የመዘጋጃ ጊዜ ግን እንዲዘገይ ተደረገ።

የጀርመንታውኑ፦ በአጭሩ ለጮኸ ተሰጠ።

ጡረተኛው፦ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ? እዚህ አገር ደግሞ አፍም አይበቃ፣ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

አወያይ፦ እስኪ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እንክፈል ወይስ ይበቃል?

ኡበር ነጂው፦ እንክፈል፣ ግን ከላይ ይጀመር። በ2025 ከ500 ሺህ ዶላር በላይ በሚያገኘው ላይ ጨምረዋል አይደል? እዚያው ይቀጥሉ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ እንክፈል። ሁለት ልጆቼ ገና እየተማሩ ነው፣ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

የጀርመንታውኑ፦ አቋሜ አልተቀየረም። በኤፕሪል የካውንቲው ምክር ቤት የበጀት ሂሪንግ (የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ) አለው። እዚያ ተመዝግቤ "አትጨምሩ፣ መጀመሪያ ያለውን አሳዩን" ነው የምለው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ተመዝገብ። እኔም እዚያው ተቃራኒውን እላለሁ። ቢያንስ የኛ ሰው እርስ በርሱ ሲከራከር ያዩናል።

የቤት ዴይኬር ያላት፦ ተሳሳቁ። የኔን ግን ማንም አልመለሰልኝም። በአማርኛ የሚሰጥ የሲዲኤ ኮርስ፣ በማታ ወይም በቅዳሜ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቤቴን ከመዝጋቴ በፊት።