ሰሚት፦ ከአጥሩ ማዶ የሚታየኝ ዳቦ ቤት ለምን ይሄን ያህል ያዞረኛል?

የሰሚቷ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከአራዳው ዶሮ ማነቂያ ወደ ሰሚት ከመጣን ወዲህ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ከበረንዳዬ ሆኜ ከግንቡ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ይታየኛል፣ ሽታው ሁሉ ይመጣል። ለመድረስ ግን በዋናው በር ወጥቼ፣ አስፋልቱን ይዤ፣ ሁለት ግቢ መዞር አለብኝ። የድሮው ሰፈራችን ጠማማና ጭቃ ነበር፤ ግን በአቋራጭ የትም እንደርስ ነበር። በፕላን የተሠራው እንዴት ባሰ?

ቀያሹ
እህቴ፣ በፕላን ነው የተሠራው፤ በአንድ ፕላን ግን አይደለም። በሲኤምሲና በአያት በኩል ብዙ ችካል መትቻለሁ። መሬቱ የሚሰጠው ተቆራርጦ ነው፦ ይሄ ለማኅበር፣ ያ ለሪል ስቴት፣ ያኛው ለኮንዶሚኒየም። ሁሉም የውስጥ መንገዱን በአንድ በር ወደ አስፋልቱ ያወጣና ሌላውን ዙሪያ ያጥራል። ከጎረቤት ግቢ ጋር ማገናኘት የማንም ሥራ አይደለም። ያ ሁሉ መኪና አንድ አስፋልት ላይ ስለሚወጣ ነው ጠዋት ጠዋት የምንታነቀው።

ጠማማ መሆንና አለመገናኘት ደግሞ ለየቅል ናቸው። የአራዳ ሰፈሮች በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ እንዳመቻቸው ያደጉ ናቸው፤ እግረኛ የረገጠው ሁሉ መተላለፊያ ሆኖ ቀረ። መርካቶን ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ቀጥ ብለው እርስ በርስ በሚቋረጡ መንገዶች፣ ማለትም በመስቀለኛ መንገድ፣ ከፋፈለው። ቆርቆሮው ፈርሶ ፎቅ ቆመ፣ መስመሩ ግን ዛሬም ያው ነው። የሰሚት ግንብም እንደዚያ እንዳይቀር ነው የምፈራው።

ስልክሽ ላይ ለኪው፦ የእግር መንገዱን ርዝመት ለቀጥታው ርቀት አካፍዪ። አንድ ከመጣ ምንም አልዞርሽም ማለት ነው፤ እኩል በተከፋፈለ መስቀለኛ መንገድ ቢበዛ 1.4 ገደማ ነው።

የአያት አባወራ
ቀያሹ፣ ወሬው ጥሩ ነው፤ ግን ልጆቼ ደጅ የሚጫወቱት መንገዱ መውጫ ስለሌለው ነው። ክፈቱት ብትሉ ባጃጁ ሁሉ በእኛ በር ያልፋል። ሌባውስ?

ቀያሹ
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ለመኪና ይዘጋ። እኔ የምለው አንድ ሜትር የምትሆን የእግረኛ በር ነው፣ ማታ የምትቆለፍ። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ሥራ ሲጀምር የመሀሉ አጥር ስንቱን እንዳዞረው እናንተም ታውቃላችሁ፤ መሻገሪያ ሲርቅ ሰው አጥር ይዘላል።

የሰሚቷ
አካፈልኩት፣ ስድስት መጣ! በሩን የምንጠይቀው ማንን ነው?

ቀያሹ
ስድስት! መጀመሪያ የሁለቱን ግቢ የይዞታ ካርታ እዪ። አጥሮቹ ከተያያዙ ሁለቱም ኮሚቴዎች መስማማት አለባቸው። በመሀል ክፍተት ካለ ግን ለመንገድ የተተወ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሳያጥረው ቶሎ ወረዳ ሂዱ።