«ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» ምን ማለት ነው? (ማቴ. 18፥15)

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ1954ቱ እትም «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው። ቢሰማህ፥ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» ይላል። ሰው እንዴት ገንዘብ ይሆናል? «ውቀሰው»ስ ከመክሰስና ከመንቀፍ በምን ይለያል? ቃሉን ሳይረዱ በሥራ ማዋል ስለሚከብድ ነው የጠየቅሁት።

መልስ፦
«ገንዘብ» ዛሬ ለጆሯችን ብርና ሳንቲም ነው። የቆየ ፍቺው ግን የራስ የሆነ ነገር፣ ሀብት ማለት ነው። «ትዕግሥትን ገንዘብ አደረገ» ሲባል የራሱ አደረጋት ማለት ነው። በነገረ መለኮትም «ቃል የሥጋን ገንዘብ ገንዘቡ አደረገ» የሚባለው በዚሁ ፍቺ ነው። እንግዲህ «ወንድምህን መልሰህ የአንተ አደረግኸው» ማለት ነው።

የግሪኩ ግስ ደግሞ የነጋዴ ቃል ነው፤ ማትረፍ። በማቴ. 25 አምስት መክሊት የተቀበለው ሌላ አምስት «አተረፈ» ሲል፣ በ16፥26ም «ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ» ሲል ያው ግስ ነው። እዚህ የሚተርፈው ሰውዬው ራሱ ነው። ክርክሩን ረትቶ ወንድሙን ያጣ ሰው በዚህ ጥቅስ ሒሳብ ከስሯል።

መክሰስ ሰሚ ሦስተኛ ወገን ይፈልጋል። መንቀፍ ሰውየው በሌለበትም ይሆናል። ወቀሳ ግን ወቃሽና ተወቃሽ ከተገናኙ ይበቃዋል፤ ቅርበትም አለበት፤ መንገደኛን ማንም አይወቅስም። የግሪኩ ቃል ጥፋትን ገልጦ ማሳየት ነው። በግሪኩ ብሉይ ዘሌ. 19፥17 ላይም ይኸው ቃል አለ፤ «ወንድምህን በልብህ አትጥላው» ካለ በኋላ ገሥጸው የሚለው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መያዝ ትዕግሥት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቃሉ ግን ዝም ብሎ የሚጠላውን ነው የሚከለክለው። የእኛም ሰው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል።

ሌላ መልስ፦
ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ በብዛት የሚበላሸው «ብቻችሁን» የሚለው ላይ ነው። ሰው ለምክር ብሎ አስቀድሞ ለሦስት ጓደኛ ይነግራል። እንዲህ ሲሆን በዳዩ ሳይሰማ ጉዳዩ አደባባይ ወጥቷል፤ ወሬው ቀድሞት ከደረሰ ደግሞ በዳዩ የሚጠብቀው ወንድሙን ሳይሆን ከሳሹን ነው። በቡድን መልእክት ስም ሳይጠሩ ጥቅስ መለጠፍም አሽሙር እንጂ ወቀሳ አይደለም።

«ሄደህ» የተባለው ተበዳዩ ነው፤ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብሎ መቀመጥ እዚህ ቦታ የለውም። ሲሄድም አንድ ጥፋት ብቻ ይያዝ፤ የተደረገውን ከነቀኑ ይናገር። «አንተ ድሮም እንዲህ ነህ» ከተባለ የተነካው ሥራው መሆኑ ቀርቶ ሰውየው ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ጆሮ ይዘጋል። «ቢሰማህ» የሚል ቃል ስላለ ለመልሱም ጊዜ ይተውለት። ምናልባት የተበደለ የመሰለው ራሱ ተሳስቶ ይሆናል።

ማስተካከያ ቢጤ፦
ቁጥር 16 ላይ፣ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይዘህ ሂድ ካለ በኋላ «ነገር ሁሉ እንዲጸና» የሚለው ዛሬ ጠቡ እንዲብስ የሚል ይመስላል፤ በሽታ ጸናበት እንደምንለው። ፍቺው ግን የተነገረው እንዲረጋገጥ ነው፤ ከዘዳ. 19፥15 የመጣ የምስክርነት ሕግ ነው። ስለዚህ የሚወሰዱት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች የወቃሹ ደጋፊዎች ከሆኑ ምስክርነታቸው ፈረሰ። ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው፣ የተባለውን ሰምተው ለወቃሹም «አጥፍተሃል» ማለት የሚችሉ ይሁኑ።

ቁጥር 17 ላይ ቤተ ክርስቲያንንም ላልሰማው የተባለው «አረመኔ»ም በዚያ ዘመን አማርኛ ጨካኝ ሳይሆን አሕዛብ፣ ያላመነ ማለት ነው። «እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ ይሁንልህ» የሚለውን ሰላምታ ለመንሳት የሚጠቅሱት አሉ። ማቴዎስ ግን ራሱ ቀራጭ (ቀረጥ ሰብሳቢ) ነበር፤ ጌታም ከቀራጮች ጋር በማዕድ ተቀምጧል (9፥9-11)። የወንድምነቱ ኅብረት ይቋረጣል፤ እንደ ገና መጥራቱ ግን አይቀርም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዳዩ በዕድሜ ታላቅ ቢሆኑስ? «ውቀሳቸው» አፍ ላይ ይከብዳል።

መልስ፦
1ኛ ጢሞ. 5፥1 ግሱን ይለውጥልሃል፦ «ሽማግሌ የሆነውን አትገሥጸው፥ ነገር ግን እንደ አባት ለምነው»። መሄዱም ብቻ መሆኑም እንዳለ ነው፤ የሚለወጠው አነጋገሩ ነው። «ለምን እንዲህ አደረጉ?» በማለት ፈንታ «አባቴ፣ ያን ዕለት የተናገሩት ልቤ ውስጥ ቀርቷል፤ ምን ማለትዎ እንደነበረ እባክዎ ያስረዱኝ» ይባላል።