ለሐዲድ ሠራተኞች የኤሌክትሪክ መከላከያ ሳጥን፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ 2 ላይ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁም። ረቂቅ 1 «ለእያንዳንዱ የጥገና ጣቢያ አንድ የቮልቴጅ መፈተሻና ሁለት የኧርዝ ገመድ» ይል ነበር፤ የኧርዝ ገመድ የተዘጋውን ሽቦ ከሐዲዱ ጋር የሚያገናኘው ነው። ጣቢያ ላይ የተቆለፈ መፈተሻ ሐዲድ ላይ የቆመውን ሰው አይጠብቀውም። ስለዚህ ረቂቅ 2 የሚቆጥረው በቡድን ነው፤ ሐዲድ ላይ ለሚሰማራ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሙሉ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚገባና ለምን እንደሚገባ እናንተ ሙሉት። ፕሮፖዛሉ ሁለቱንም መስመር ይመለከታል፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲውን 25 ኪሎ ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) እና የአዲስ አበባ ቀላል ባቡሩን 750 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ)።

የካቴናሪ ጥገና
ካቴናሪ የምንለው ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን የኃይል ሽቦ ነው። ግዥው ላይ «የቮልቴጅ መፈተሻ» ብለን ብቻ እንዳንጽፍ አደራ። ለ25 ኪሎ ቮልት የምንጠቀምበት፣ በአንድ ጫፉ ብቻ ሽቦ የሚነካው መፈተሻ የሚሠራው በኤሲ ነው። ቀላል ባቡሩ ላይ ቢወሰድ 750 ቮልት እያለ ዝም ይላል፤ ሠራተኛውም ዝምታውን «ኃይል የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህ መፈተሻ ከሌለበት ሁኔታ የከፋ ነው። የዲሲው ሁለት ጫፍ ያለው ይሁን፣ አንዱ ሽቦው ላይ ሌላው ሐዲዱ ላይ። የቮልቴጁ ክልልና ኤሲ ወይም ዲሲ መሆኑ በአማርኛ በትላልቅ ፊደል የመፈተሻው ዱላ ላይ ይጻፍ፤ የሳጥኑም ቀለም ይለያይ።

የአጠቃቀሙ ቅደም ተከተልም ሰነዱ ውስጥ ይግባ። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይፈተሻል፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ሽቦ ላይ፣ ከዚያ እንደገና በሚታወቀው ቦታ። የመፈተሻው ቁልፍ ሲጫን መጮኹ ባትሪውንና ድምፁን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል።

የሐዲድ ጥገና
በጀቱን ለመቀነስ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እስከ 36,000 ቮልት ኤሲ የሚችል፣ ክፍል 4 የተባለ የላስቲክ ጓንት አለ። ከኧርዝ ገመዱ አንዱን ቀንሰን በሱ ብንተካውስ?

የካቴናሪ ጥገና
ወንድሜ፣ እሱን እንተወው። ጓንት እጅን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ 25 ኪሎ ቮልት ደግሞ ሳይነካም በአየር ይዘላል። በመስመራችን የቻይና ደንብ መሠረት ሰውም የያዘው ዕቃም ኃይል ካለው ክፍል ከ2 ሜትር በላይ መራቅ አለበት፣ የወደቀ ሽቦ ሲገኝ ደግሞ 10 ሜትር። ጓንቱ የኧርዝ ዱላውን ለሚይዘው ሰው ተጨማሪ ጥበቃ ነው፤ የኧርዝ ምትክ አይሆንም።

ኧርዝ የሚታሰረው የሐዲዱ ጫፍ ቀድሞ ነው፣ የላይኛው ቀጥሎ። ሲፈታ የላይኛው ቀድሞ፣ የሐዲዱ መጨረሻ። ከተገላበጠ ሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ በሙሉ በእጅ የተያዘው ክላምፕ (የገመዱ መቆንጠጫ) ላይ ይመጣል።

ለክላምፑ የሚሆን የሽቦ ብሩሽ በየሳጥኑ ይግባ። የሐዲዱ ግርጌ ዝገትና አቧራ ለብሶ ሳለ ክላምፑ ጥርሱን ቢያጠብቅም የሚይዘው ዝገቱን ነው፤ ብረቱ እስኪያበራ መፋቅ አለበት። ከዚያ በእጅ ወዝወዝ አድርጎ ማየት ነው፤ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም።

ስለ ውፍረቱ፦ ረቂቅ 1 ላይ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ተጽፏል፤ እሱ ዝቅተኛው ነው። 25ቱ ለ1 ሰከንድ የሚችለው ወደ 4.9 ኪሎ አምፔር ነው፣ 50 ካሬው ደግሞ ወደ 9.9። ብሬከሩ (ኃይሉን በራሱ የሚያቋርጠው) በምን ያህል ጊዜ እንደሚቆርጥና የሾርት ከረንቱን መጠን ከሰብስቴሽን (ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ክፍል እስክናገኝ 50 ብለን እንጻፍ።

አስተባባሪ
50 ብዬ አስገብቻለሁ። የኧርዝ ገመዱ ብዛትስ? ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ነው፣ ከአዳማ በኋላ ነጠላ።

የካቴናሪ ጥገና
ሦስት ይሁን። ሁለቱ በሥራው ቦታ በግራና በቀኝ ይታሰራሉ፤ ሦስተኛው ቦታው ሲረዝም መሃል ላይ፣ ካልሆነ መጠባበቂያ። በአንድ ወገን ብቻ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። ባቡር ሁለት የሽቦ ክፍሎች የሚገናኙበትን ቦታ ሲያልፍ ፓንቶግራፉ (ጣሪያው ላይ ሆኖ ሽቦውን የሚነካው ክንድ) ሁለቱን ያገናኝና የተዘጋውን ክፍል መልሶ ያነቃዋል። ጥንድ ሐዲድ ላይ ደግሞ የጎረቤቱ መስመር ሳይነካው በኢንዳክሽን ቮልቴጅ ያሳድርበታል። የመቁረጫ ማብሪያው ላይ ቁልፍ ይንጠልጠል፤ መክፈቻው በቡድን መሪው ኪስ ይሁን።

ቀላል ባቡር
እኛ ጋ አንድ ሰብስቴሽን መዝጋት አይበቃም፤ አንዱ የሽቦ ክፍል ከሁለት ወገን ሊመገብ ይችላል፣ ፍሬን የያዘ ባቡርም ኃይል ወደ ሽቦው ሊመልስ ይችላል። በዚህ ላይ የከረንቱ መመለሻ ሐዲዱ ስለሆነና ከምድር ስለተነጠለ፣ ኧርዙ ከምሰሶ ጋር ሳይሆን ከሐዲዱ ጋር ይታሰር። «ኧርዝ» የሚለውን ቃል ብቻ የሚያነብ ሰው ምሰሶ ይፈልጋልና የእኛ ቅጽ ላይ «ከሐዲድ ጋር ማገናኛ» ይባል። ጓንቱ ክፍል 0 ይበቃናል፤ እስከ 1,500 ቮልት ዲሲ ነው። ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረብበት፤ ላስቲኩ በሐዲድ ሥር ባለው ጠጠር አንዴ ከተበሳ አይጠቅምም። ከመልበስ በፊት አንገቱን ጠቅልሎ አየር በማፈን ይፈተሽ፤ በየ6 ወሩም ላቦራቶሪ ይግባ።

የሐዲድ ጥገና
ይገባኛል፣ ጓንቱን ትቼዋለሁ። ግን የእኛን ወገን አንድ ነገር አትርሱ። ሐዲድ ስንቆርጥ ወይም ስንቀይር የመመለሻው ከረንት ይቋረጣል፤ በተቆረጠው ክፍተት ግራና ቀኝ የቆመ ሰው ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጁ ከያዘ ከረንቱ በሱ ያልፋል። ከመቁረጥ በፊት 70 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ክፍተቱን አሻግሮ ይታሰር። ለየቡድኑ ሁለት ገመድ፣ ከነክላምፑ። የብረት ሜትር ደግሞ ከሳጥኑ ወጥቶ በፋይበር ሜትር ይተካ።

ሲግናል
የሐዲድ ማገናኛ ክሊፕ ሁለት ይግባ፣ ሁለቱን ሐዲድ አገናኝቶ ትራክ ሰርኪዩቱን (በሐዲዱ በሚያልፍ ከረንት ባቡር መኖሩን የሚያውቀውን) «ባቡር አለ» እንዲል የሚያደርገው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አብሮ ይሂድ። አክስል ካውንተር (የባቡሩን የጎማ አክስል የሚቆጥር) ባለበት ክፍል ክሊፕ ምንም አያደርግም፤ የትኛው ክፍል ምን እንዳለው በካርታ ይያያዝ። ሐዲዱ ላይ ዝገት ካለ ደግሞ ላያገናኝ ይችላል። ክሊፑን ያሰረው ሰው ለዲስፓቸሩ (የባቡር እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪው) ደውሎ «ክፍሉ ቀይ ሆነ?» ብሎ መልስ እስኪሰማ ሥራ አይጀመር። በክሊፑ ተማምኖ የመንገድ ጠባቂ ማንሳትም የለም፣ ገመዱም ቀጭን ስለሆነ በ70ው ፋንታ አይታሰርም።

አስተባባሪ
ሁሉም ገብቷል። የቀረኝ የቁጥር መለያው ነው። በየኧርዙ ላይ ቁጥር ይቀረጽ፤ ሲታሰር ቁጥሩ በሥራ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። 1፣ 2 እና 3 ሳጥኑ ውስጥ ተመልሰው በቡድን መሪው ካልተፈረሙ ዲስፓቸሩ ኃይል እንዲለቀቅ አይጠይቅም። ሲግናልና ሰብስቴሽን፣ በፈቃዱ ቅጽ ላይ የፊርማው ቦታ የት ይሁን?

ሲግናል
ከ«ሥራ ተጠናቋል» ሳጥን በላይ። ከታች ከሆነ ሳይታይ ይዘለላል።